የላስታ ጠራቢዎችና የተግባረ እድ ክብር

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ወደ ላስታ የሚወጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ያሠራቸው ንጉሥ ማን እንደ ሆነ ነው፤ መልሱንም ከካህናቱም ከመጻሕፍቱም በቀላሉ ያገኛል። ድንጋዩን የጠረበው እጅ የማን እንደ ነበረ፣ ሙያውንስ ከማን እንደ ተማረ፣ በድካሙም ምን እንደ ተከፈለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሀገራችን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጻድቃን በመሆኑ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ወጥተው መተዳደሪያቸውን በእጅ ሙያ ላይ ለመመሥረት ሲያመነቱ እናያለንና፣ የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽ፣ ማለት የሠራተኛውን ገጽ ገልጦ መመልከት የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

አስቀድመን ሥራውን ራሱን እንመልከት። ግንበኛ ቤት ሲሠራ ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ያላማረውን ድንጋይ አንሥቶ በቦታው ሌላ ያኖራል። የላሊበላ ጠራቢ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከአለቱ አናት ይጀምርና ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ እየቆፈረ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመካከል ተነጥሎ የቆመውን አለት ከውጭ ይጠርባል፤ ከዚያ በኋላ በደጁና በመስኮቱ ገብቶ ዐምዱንና ቅስቱን ብቻ እያስቀረ ሌላውን ፈልፍሎ ያወጣል። አንድ ጊዜ በመሮ የተቆረሰ ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምምና፣ ዐምዱ የሚቆምበትን ስፍራ ገና አለቱ ሳይነካ በልቡ ማየት ነበረበት። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 23 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱም 11 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህን የሚያክል ሕንፃ ከአንድ አለት ሲወጣ በልኩ ላይ የሚደርስ ጥቂት ስሕተት ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየሰፋ እንደሚሄድ ማንም የግንብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ግን የውሃው ነገር ነው። በጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤት የላስታ ክረምት ሲመጣ ኩሬ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ጠራቢዎቹ ይህን አስቀድመው ስላሰቡ የቦዮቹን ወለል አዘቅዝቀው ውሃው መውረጃ እንዲያገኝ አደረጉ፤ በቤተ ጊዮርጊስም ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ግድግዳውን ሳይነካ የሚወርድበትን አሽንዳ ከዚያው ከአለቱ ጠርበው አወጡ። ጎብኚው የመስቀሉን ቅርፅ አይቶ ሲደነቅ ይህን አሽንዳ ሳያየው ያልፋል። እኛ ግን የባለሙያውን አእምሮ ከቅርፁ ይልቅ በአሽንዳው ውስጥ እናየዋለን።

እንዲህ ያለ ሙያ በአንድ ጊዜ የሚገኝ አይደለም። ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተራራ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የተሠራ ነው፤ ግድግዳውም አንድ ዙር ድንጋይ፣ አንድ ዙር እንጨት እየተነባበረ በአክሱማውያን ደንብ የቆመ ነው። ይህ የግንበኛና የአናጢ ሥራ ነው። ቀጥሎ ወደ ቤተ አማኑኤል ስንሄድ ያንኑ ግድግዳ እናገኘዋለን፤ ነገር ግን አሁን እንጨት የሚባል ነገር የለበትም። የእንጨቱ ዙር ገባ ወጣ እያለ ሁሉም በአለት ላይ ተቀርጿል። ጠራቢው የአናጢውን ሥራ በሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ አለዚያ በድንጋይ ሊመስለው ባልቻለም። የዛጔ መንግሥት በ1270 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካለፈ በኋላ ደግሞ በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ገነተ ማርያም ከአለት ተፈልፍላ ወጣች፤ የንጉሡም ሥዕል እስከ ዛሬ በውስጧ ይታያል። መንግሥት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተላለፈ፤ መሮው ግን ከጠራቢው እጅ አልወደቀም። በቅርብ ዓመታትም የአርኪኦሎጂ ሊቃውንት በቦዮቹ ዙሪያ የተከመረውን የጥርብ ፍርስራሽና የአለቱን አቆራረጥ መርምረው ሥራው በአንድ ወቅት ያልተፈጸመ፣ በየጊዜው እየጠለቀና እየተለወጠ የሄደ መሆኑን ገልጠዋል። ከዚህም በመነሣት ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዐዋቂ ወደ ለማጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ስለ ሠራተኞቹ አያያዝ አንድ የጽሑፍ ምስክር አለን፤ እርሱም ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈው ገድለ ላሊበላ ነው። ገድሉ ንጉሡ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለመቁረጫና ለመጥረቢያ የሚሆኑ ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያዎች ማሠራቱን ይናገራል። ሠራተኞቹንም ሰብስቦ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ዋጋ በገዛ አንደበቱ እንዲናገር አዘዘ፤ ያለ ዋጋ በግድ አሠራን ብለው እንዳያጉረመርሙ ነው። የጠየቁትንም ሰጣቸው፤ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ደመወዛቸውን አላቋረጠባቸውም። የገድል ጸሐፊ ዓላማው የንጉሡን ጽድቅ መግለጥ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህን እንደ ሒሳብ መዝገብ አንወስደውም። ነገር ግን ጸሐፊው የጻድቅ ንጉሥ ምልክት አድርጎ የመረጠው የሠራተኛን ዋጋ አለማስቀረት መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብረቱን የቀጠቀጠው ባለ እጅም፣ ስሙ ባይጠራ፣ የታሪኩ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል፤ መሣሪያው ከእርሱ እጅ ካልወጣ አለቱ አይነካምና።

መላእክት ከሠራተኞቹ ጋር መሥራታቸውንም ገድሉ ይነግረናል። ሕዝቡም ቀን ሰዎች ሲሠሩ ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ይጨምሩላቸው ነበር ይላል። ይህን የአባቶች ትውፊት የሚነቅፍ ሐሳብ የለንም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሌሊቱን ሥራ ብቻ እያነሣ የቀኑን ሥራ ይረሳል። በዚያው ትውፊት ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣና ሲጥል የዋለው ሰው ነው።

መርሳቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ ለማየት ከንጉሡ ዘመን 300 ዓመት ያህል ወደ ፊት እንለፍ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን ሲቀመጥ ላሊበላን አይቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ገልጿል፤ ያየውን ቢጽፍ እንኳ አንባቢው እንዳያምነው እስከ መሥጋት ደርሷል። ይኸው ሰው በስፍራው የተነገረውን ሲያወሳ፣ ሥራው በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመ፣ የሠሩትም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደ ሆኑ እንደ ነገሩት ጽፏል፤ ምክንያቱንም ሲጨምር የሀገሩ ሰዎች እንዲህ ያለ መልካም ሥራ ከእጃቸው እንደማይወጣ ራሳቸው ያውቁታልና ይላል። የመጨረሻው ቃል የነጋሪዎቹ ይሁን የቄሱ የራሱ አስተያየት መለየት ያስቸግራል። የነጋሪዎቹ ከሆነ ግን እጅግ ያሳዝናል። በይምርሐነ ክርስቶስና በቤተ አማኑኤል መካከል ያለውን ዝምድና ዓይን ያለው ሁሉ እያየው፣ የጠራቢዎቹ የልጅ ልጆች በአባቶቻቸው ሥራ ደጃፍ ቆመው ይህ የእኛ አይደለም አሉ ማለት ነው።

እንዲህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት በሀገራችን በኖረው የኑሮ ሥርዓት ውስጥ መፈለግ ይገባል። ክብር የሚገኘው ከርስት፣ ከጦር ሜዳና ከቤተ ክህነት ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፤ ርስት የሌለው በእጁ ሥራ ይኖራል። ስለዚህ የእጅ ሥራ የድህነትና የባዕድነት ምልክት ተደርጎ ታየ። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራው ሴት ሁሉ በስድብ ስም ተጠሩ፤ ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ እየተባለ ቡዳ የሚል ስም ተለጠፈባቸው። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል በብረትና በግንብ ሥራ የታወቁ ባለሙያዎች ሆነው ሳለ በዚህ ስም ብዙ መከራ አይተዋል። ገበሬው ማረሻውን ሳያሾል አንድ ትልም ማውጣት እንደማይችል እያወቀ ማረሻውን ያሾለለትን ሰው ይፈራውና ይንቀው ነበር። ባለ እጅ ማለት እጅ ያለው ማለት ነው፤ በቋንቋችን እንዲህ ያለ የተከበረ ቃል እንዴት የስድብ ቃል ሆኖ እንደ ቆየ ባሰብነው ቁጥር ይገርመናል።

ይህን ልማድ ለመስበር የተነሡ ነገሥታት አልጠፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል። ሴባስቶፖል የተባለውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ከዚያ ተነሥቶ በላስታ ደቡብ በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ በጅጣ ወንዝ ገደል ላይ ሲጠረብ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበረ በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን መስክረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ የገሠገሠው በዚሁ መንገድ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱና ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቀረ። ላስታ ውስጥ ሥርወ መንግሥት ሲለወጥ ያልተቋረጠው ጥበብ እዚህ በአንድ ሰው ሞት ተቋረጠ፤ ሙያው በሀገሩ ሰው እጅ ገና ሥር አልሰደደም ነበርና።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው ስም መሳደብን ከለከሉ፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለሙያ የሚያዋርድ እንደሚቀጣ ለሕዝቡ አስታወቁ። ዐዋጁ የንጉሠ ነገሥቱን አርቆ አስተዋይነት ያሳያል። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት በይበልጥ የሚያስተምረው የውጭ ቋንቋዎችን ነበር፤ በጊዜው መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ በብርቱ ያስፈልገው ስለ ነበረ በዚህ አንፈርድም። ይሁንና ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት የሚለው ቃል በሕዝቡ ልብ ከወረቀትና ከወንበር ጋር ተቆራኘ። ዐዋጁ እጅን አከበረ፤ ትምህርት ቤቱ ብዕርን ሾመ።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1963ም በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ መካኒኮች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና አናጢዎች በየፋብሪካው ያገለገሉትን አገልግሎት ለመዘርዘር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በወሎም በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሒን ሚካኤል ስም የተጠራው የደሴ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የቀለም ትምህርት ሲሰጥ ቆይቶ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። የቀድሞ ተማሪዎቹ ለውጡን በልዩ ልዩ ስሜት ያዩት ይሆናል፤ እኛ ግን ስሙ ከፍ ያለ ቤት ለእጅ ሙያ መሰጠቱን እንደ ክብር እንቈጥረዋለን።

ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የነበረውን አሠራር ስንመለከት አንድ ከባድ ጉድለት እናገኛለን። ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ሲወጣ ከፍተኛ ውጤት ያገኘው ወደ መሰናዶ፣ ያላገኘው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደብ ነበር። ሥርዓቱ ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ ብዙ ባለሙያ ማፍራትን አስቦ ነው። ሆኖም የ16 ዓመት ልጅ የሚረዳው ሌላ ነው፤ ወደ መሮና ወደ መጋዝ የተላከው ስለ ወደቀ እንደ ሆነ ይረዳል። ወላጆቹም ይህንኑ ይረዳሉ፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ጠይብ የሚለው ስድብ በዐዋጅ ተከልክሎ ሳለ በምደባ ዝርዝር ተመልሶ መጣ ብንል ነገሩን አላጋነንንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30,000 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት በሀገሪቱ ከሚገኙ ቤቶች በስንቱ ለቅሶ እንደ ነበረ መምህራን ያስታውሱታል። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል ከፈተናው በፊት፣ በሙሉ ክብሩ፣ ጠራቢ ወይም አናጢ ልሁን ብሎ እንዲመርጥ አንድ ሰው የጠየቀው ስንቱን ነው?

አሁን ወደ ላሊበላ እንመለስ፤ የሙያ እጦት ምን እንደሚያስከፍል አለቱ ራሱ ያስተምረናልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ የአንዳንዶቹ ውጫዊ ግድግዳ ሬንጅ ተቀባ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተጨመረበት። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ነገር ግን የዚህን ድንጋይ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሬንጅ አያስነካውም። ድንጋዩ እርጥበት ይስባል፤ የሳበውን ማውጣት ካልቻለ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከ1966 ጀምሮ ኢጣልያዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ሳንድሮ አንጄሊኒ የመራው ጥገና ከሥራው አንዱ ክፍል ያንን ሬንጅና ቀለም በትዕግሥት መላጥ ነበር። ከዚያም ወዲህ በቤተ ገብርኤል ሩፋኤልና በሌሎችም በተደረጉ ጥገናዎች የላሊበላ ልጆች ከውጭ ባለሙያዎች ጎን እየቆሙ ስንጥቅ መድፈንን፣ ኖራ መለወስን፣ የተጎዳ ድንጋይ በጥንቃቄ ማጽዳትን ተምረዋል። ይህ ቀላል ሙያ አይደለም። ስሚንቶ ከዚህ ለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክር ቢያያዝ እንኳ ውሎ አድሮ አጠገቡ ያለውን ይበላዋል፤ ኖራውን ከአሸዋ ጋር በልኩ ለውሶ፣ ሳይቸኩል አድርቆ መሥራት የእጅ ዕውቀት ይጠይቃል፤ እጅ ደግሞ ይህን የሚማረው በመሥራት ብቻ ነው።

ከተማው ራሱ የሌላ ሙያ መዝገብ ነው። በላሊበላ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብና ባለ አንድ ፎቅ የላስታ ጎጆዎች አሉ፤ የዓለም ቅርስ መዝገብም በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አብያተ ክርስቲያናቱን ሲቀበል እነዚህን ቤቶች ከቅርሱ ጋር አያይዞ ይጠቅሳቸዋል። ክብ ግድግዳን በጭቃ ብቻ እያያያዙ ሁለት ደርብ ማቆም የሚችል ግንበኛ በየትም አይገኝም። ቆርቆሮና ብሎኬት በመጣ ቁጥር ግን የዚህ ሙያ ፈላጊ እየቀነሰ ሄደ፤ የሙያው ባለቤቶች ልጆችም ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ጀመሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ያገኙት መተዳደሪያ ከእንግዳው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ማስጎብኘት፣ ሆቴል፣ መኪና። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገዱን ሲዘጋው፣ በ2013 ክረምትና በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ከተማው ድረስ ሲደርስ ያ መተዳደሪያ ባንድ ጊዜ ደረቀ። ማስጎብኘት የተናቀ ሥራ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አንድ ከተማ ሁሉንም ልጆቹን የአባቶቹን ሥራ የሚያሳዩ አድርጎ፣ የሚሠሩትን ግን ከሌላ አገር የሚጠብቅ ከሆነ ነገሩ አልቫሬዝ ከሰማው ብዙም አይርቅም።

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሙያን በኃላፊነት የሚመራ መሥሪያ ቤት መሆኑ ተስፋ ይሰጠናል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሙያ ብቃት ምዘናም አንድ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ሙያውን በትምህርት ቤትም ሆነ ከአባቱ እጅ የተማረ ሰው ቀርቦ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ይህ በር ለላስታ ግንበኛ በደንብ ሊሰፋለት ይገባል እንላለን። በምዘናው ከብሎኬትና ከስሚንቶ ጎን ጥርብ ድንጋይ፣ የጭቃ ግንብና የኖራ ሥራ ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ሆነው ቢቆጠሩ፣ መዛኙም በአዳራሽ ውስጥ በወረቀት ከሚጠይቀው ይልቅ ክብ ግድግዳ ሲቆም አጠገቡ ቆሞ ቢያይ መልካም ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና ላይ ዓመታት የሠራ ሰው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወደ ቀን ሥራ ተመልሶ ድንጋይ ተሸካሚ እንዳይሆን፣ ኖራ የለወሰበት እያንዳንዱ ወር ከነሥራው ዐይነት ተጽፎ በእጁ ይሰጠው፤ ቀጣዩ ጥገና ሲጀመርም ዋጋውን የሚናገረው ያንን ወረቀት ይዞ ይሁን።